«ወርቅ አለ ወይስ የለም?»፦ የአንድ አጭር ጥያቄ ረጅም መልስ

ከአሶሳ ራቅ ብሎ በሚገኝ አንድ ጅረት ዳር ነን። ወሩ ጥር ነው፤ ሰዓቱ ገና ረፋድ ቢሆንም ሙቀቱ እንደ ቀትር ያቃጥላል። እኔና ባልደረቦቼ ከጅረቱ አሸዋ እየዛቅን በወንፊት እናጣራለን፣ ከረጢት ውስጥ እንከታለን፣ ቁጥር ጽፈን እናስራለን። ከእኛ ትንሽ ዝቅ ብሎ አንዲት ጠና ያሉ እናት በእንጨት ገበቴ ወርቅ ያጥባሉ። ለረጅም ጊዜ ሲያዩን ቆዩና በአስተርጓሚያችን በኩል ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ጠዋት መጥቼ ማታ ጥቂት ፍሬ ይዤ እገባለሁ። እናንተ ግን ስንት ቀን ሙሉ አሸዋ ትሸከማላችሁ። ወርቅ አለ ወይስ የለም?»

«ገና አናውቅም» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። ገበቴያቸውን ዘንበል አድርገው ከሥር የቀሩትን ቢጫ ነጠብጣቦች አሳዩኝ። እውነታቸውን ነው፤ ወርቁ ዓይኔ ሥር ነው። ታዲያ የሳተላይት ምስል አይቶ፣ መሣሪያ ተሸክሞ፣ ለላቦራቶሪ ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ሰው እንዴት «አናውቅም» ይላል?

ያን ቀን በአጭሩ መመለስ ያቃተኝን ጥያቄ እስቲ ዛሬ ከእናንተ ጋር ቀስ ብለን እንየው።

ወርቅ የሌለበት ቦታ የለም

የመጀመሪያው ችግር ወርቅ በሁሉም ቦታ መኖሩ ነው። በመሬት ቅርፊት ውስጥ ያለ 1 ቶን ድንጋይ በአማካይ ጥቂት ሚሊ ግራም ወርቅ ይይዛል። ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ድንጋይም ከዚህ ነፃ አይደለም። ስለዚህ ለአንድ መሐንዲስ ወይም ጂኦሎጂስት «ወርቅ አለ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙም አይረዳውም። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው፦ በአንድ ቶን ውስጥ ስንት አለ? ወደ ጎንና ወደ ታች የት ድረስ ይዘልቃል? ከዓለቱ ለይቶ ማውጣትስ ያዋጣል?

በዛሬው ዘመን ብዙ ትልልቅ ገላጣ የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች የሚሠሩት በቶን ከ1 እስከ 2 ግራም በያዘ ዓለት ነው። ይህ ከአማካዩ በመቶዎች እጥፍ ይበልጣል። እንዲያም ሆኖ በዓይን ሲታይ ኢምንት ነው። የወርቅ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 19.3 ግራም ስለሆነ፣ 1 ግራም ወርቅ ከአንዲት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ጋር ተቀራራቢ መጠን አለው። እስቲ አስቡት፦ 10 ኩንታል ጤፍ፣ ማለትም 1 ቶን፣ ፊታችሁ ተከምሯል። ውስጡ አንዲት ቁንዶ በርበሬ አለች፤ ያውም ደቅቃ የተበተነች። የእኛ ሥራ ከዚህ ክምር ጥቂት እፍኝ ብቻ ዘግኖ «ቁንዶ በርበሬ አለበት፤ መጠኑም ይህን ያህል ነው» ብሎ መናገር ነው።

እኚያ እናት በገበቴያቸው የሚያገኙት ወርቅ ጅረቱ ለሺህ ዓመታት ከላይ እያጠበ ያጠራቀመው ነው። ኳርትዝ የሚባለው ነጭ ድንጋይ እፍግታው 2.65 ብቻ በመሆኑ ውሃው በቀላሉ ይዞት ይሄዳል። ከባዱ ወርቅ ግን ከትልልቅ ድንጋዮች ኋላና በዓለት ስንጥቅ ውስጥ ይቀራል። ጅረቱ ራሱ አንድ ግዙፍ ገበቴ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጅረት ውስጥ ወርቅ መገኘቱ ከላይ የሆነ ቦታ ምንጭ እንዳለ ይነግረናል። ምንጩ ትልቅ ይሁን ትንሽ ግን አይነግረንም። ከመቶ ቀጫጭን የኳርትዝ ሥሮች የተራረፈ ሊሆን ይችላል፤ ከአንድ ትልቅ ክምችት የመጣም ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ማን ሰበሰበው?

ምዕራብ ኢትዮጵያን ለወርቅ ፍለጋ ተመራጭ ያደረጋት ከአጋጣሚ ያለፈ ምክንያት ነው። ከ900 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት፣ ዛሬ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና የመን በሆኑት ምድሮች ላይ አንድ ጥንታዊ ውቅያኖስ ቀስ በቀስ ተዘጋ። የእሳተ ገሞራ ደሴቶች እርስ በርሳቸውና ከአህጉር ጋር ተጋጩ፤ ዓለቱም ታጠፈ፣ ተሰነጠቀ። ጂኦሎጂስቶች ይህን ጥንታዊ መሬት የዓረብ-ኑቢያ ጋሻ ይሉታል።

ዓለት በዚህ ዓይነት ጫና ሥር ሲሆን ከጥልቁ ትኩስ ውሃ ይወጣል። በከፍተኛ ግፊት ሥር ያለ፣ በመቶዎች ዲግሪ ሴንቲግሬድ የጋለ፣ ድኝ የቀላቀለ ውሃ ነው። ይህ ውሃ ከሚያልፍበት ዓለት ጥቂት በጥቂት ወርቅ እያሟሟ ይሸከማል። ከዚያ ስንጥቅ ያገኛል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ስትከፍቱ ምን ይሆናል? ግፊቱ በድንገት ይወርድና ተሟሙቶ የነበረው ጋዝ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ስንጥቁ ውስጥም ተመሳሳይ ነገር ይከሰታል፦ ግፊቱ ይወርዳል፣ የውሃው ኬሚስትሪ ይለወጣል፣ ወርቁም ከኳርትዝ ጋር አብሮ እዚያው ይቀራል። ስንጥቁ ደጋግሞ ሲከፈትና ሲዘጋ ክምችቱ ያድጋል።

ይህ ጥንታዊ ዓለት በአገራችን ሁሉ ቦታ አይታይም። አብዛኛውን ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ሸፍኖታል። ጥንታዊው ዓለት ገልጦ የሚታየው በዋናነት በምዕራብ (ቤኒሻንጉልና ወለጋ)፣ በደቡብ (አዶላና አካባቢው) እና በሰሜን (ትግራይ) ነው። በጉጂ ሻኪሶ አጠገብ ያለው ለገደምቢ፣ በምዕራብ ወለጋ ያለው ቱሉ ካፒ፣ በቤኒሻንጉል የኩርሙክ አካባቢ ክምችቶች ሁሉ የሚገኙት በዚሁ ዓለት ላይ ነው።

«ያልተጠና» ማለት «የማይታወቅ» ማለት አይደለም

አንዳንድ ጽሑፎች እንዲህ ያሉ አካባቢዎችን «ማንም ያልደረሰበት» ይሏቸዋል። ስህተት ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ነጋዴና ተጓዥ ኮስማስ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ሳሱ ወደሚባል የወርቅ አገር እየሄዱ በጨው፣ በብረትና በከብት ወርቅ ይለውጡ እንደነበር ጽፏል። የቤኒሻንጉል ሰዎችም ወርቃቸውን ያውቃሉ፤ የትኛው ጅረት ይሰጣል፣ የትኛው አይሰጥም ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩዋችኋል። ጥሩ ፍለጋ የሚጀምረውም ከዚህ ዕውቀት ነው።

«ያልተጠና» ስንል ሌላ ነገር ማለታችን ነው፦ ከጅረቱ በላይ ያለው ዓለት በዝርዝር አልተለካም። የአገራችን የጂኦሎጂ ካርታዎች በብዛት የተዘጋጁት በ1:250,000 ልኬት ነው። በዚህ ካርታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ማለት 2.5 ኪሎ ሜትር ነው። 5 ሜትር ስፋት ያለው ወርቅ ያዘለ ሥር በዚህ ልኬት ቢሳል 0.02 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ እርሳሳችሁን የፈለጋችሁትን ያህል ብትቀርጹት ይህን ያህል ቀጭን መስመር አያወጣም። ካርታው ጠቃሚ ነው፤ የት ሰፈር መፈለግ እንዳለብን ይነግረናል። የቤቱን ቁጥር ግን አይነግረንም።

ሳተላይቶችም ያግዙናል። ሴንቲኔል-2 የሚባለው የአውሮፓ ሳተላይት እስከ 10 ሜትር ዝርዝር ያሳያል። የዛጉ ብረታማ ዓለቶችና የሸክላ ማዕድናት ብርሃን የሚያንፀባርቁበት መንገድ ስለሚለይ በምስሉ ላይ መለየት ይቻላል። ግን ወርቅን ከሰማይ ያየ ሳተላይት የለም፤ የሚታየው ትኩስ ውሃው ያለፈበት ዱካ ነው። እሱም ቢሆን በቀርከሃ ጫካና በረጅም ሣር ሲሸፈን ይጠፋል። በቃ፣ በእግር መሄድ ግድ ነው።

ጅረት እንደ ዛፍ

አንድ ጅረትን ከነገባሮቹ ከላይ ብታዩት ዛፍ ይመስላል፤ ግንድ አለው፣ ቅርንጫፍ አለው፣ ቀንበጥ አለው። ግንዱ ላይ የቆመ ሰው ከሁሉም ቅርንጫፍ የመጣ ደለል እግሩ ሥር ያገኛል። ስለዚህ አንዲት የደለል ናሙና ከበላይዋ ያለውን መሬት ሁሉ ትወክላለች፤ ብዙ ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሆን ይችላል።

ሥራው እንግዲህ እንዲህ ነው። ሁለት ጅረቶች የሚገናኙበት ቦታ ትደርሳላችሁ። ከመገናኛው በላይ ከቀኙም ከግራውም ናሙና ትወስዳላችሁ። የቀኙ ወርቅ ካሳየና የግራው ካላሳየ፣ በአንድ ቀን ሥራ ግማሹን መሬት ትታችሁ ቀኙን ትይዛላችሁ። ቀጣዩ መገናኛ ላይም እንደዚሁ። እየወጣችሁ ሳለ ወርቁ በድንገት የሚጠፋበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ምንጩን አልፋችሁታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ወደ ዳገቱ ትዞራላችሁ።

ልብ ካላችሁ፣ በዚህ ደረጃ የምንሠራው ዋና ሥራ ወርቅ ማግኘት አይደለም። መሬት መተው ነው። ሰፊ አካባቢ ይዘን ገብተን በትንሽ ወጪ አብዛኛውን «እዚህ አይደለም» ማለት እንፈልጋለን። ሳይንሱም ያለው፣ አደጋውም ያለው እዚህ ላይ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ይዘን ጥሩውን መሬት ልንተው፣ ባዶውንም ልንይዝ እንችላለንና።

አንዲት ፍሬ የምትሠራው ጉድ

ለምን እንሳሳታለን? ወርቅ እንደ ጨው እኩል ተሟሙቶ አይገኝም፤ በፍሬ በፍሬ ነው የሚመጣው። 0.2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ የወርቅ ፍሬ 0.08 ሚሊ ግራም ያህል ትመዝናለች። ላቦራቶሪ በአብዛኛው የሚመረምረው 30 ግራም ዱቄት ነው። ይህች አንዲት ፍሬ እዚያ 30 ግራም ውስጥ ከገባች ውጤቱ በቶን 2.7 ግራም ይላል፤ «ማዕድን ማውጫ አገኘን!» ያሰኛል። ካልገባች ደግሞ ዜሮ ይላል። ጅረቱ ያው ነው፣ ከረጢቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ዕድል ብቻ ነው።

ይህን በራሳችሁ እጅ መሞከር ትችላላችሁ። 1 ኪሎ ሩዝ ውስጥ 20 ፍሬ ድፍን ምስር ጨምሩና በደንብ አዋህዱ። አሁን 50 ግራም ያህል (4 የሾርባ ማንኪያ ገደማ) ዝገኑና ስንት ምስር እንዳገኛችሁ ጻፉ። መልሱት፣ አዋህዱት፣ እንደገና ዝገኑ። በአማካይ በየዝግኑ 1 ምስር መኖር አለበት፤ አይደል? 20 ጊዜ ስትሞክሩ ግን ወደ 7 ጊዜ ያህል ምንም አታገኙም። አንዳንዴ ደግሞ 3 ታገኛላችሁ። የሒሳብ ሰዎች ይህን የፖይሰን ሥርጭት ይሉታል፦ አማካዩ 1 በሆነበት ናሙና ባዶ የመውጣት ዕድሉ 37 በመቶ ነው።

መፍትሔውም ከዚሁ ሒሳብ ይወጣል። ናሙናውን 5 እጥፍ አሳድጉት፤ አማካዩ 5 ይሆንና ባዶ የመውጣት ዕድሉ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። ለዚህ ነው ብዙ ኪሎ አሸዋ የምንሸከመው። ሌላው ዘዴ በጥሩ ወንፊት አጣርቶ ደቃቁን ክፍል ብቻ መውሰድ ነው፤ ፍሬዎቹ ሲደቅቁ ቁጥራቸው ይበዛል፣ ዕድልም የሚጫወተው ሚና ይቀንሳል። ሦስተኛው ዘዴ ከወርቅ ጋር አብረው የሚመጡ ግን በተሻለ እኩልነት የሚሠራጩ ንጥረ ነገሮችን መለካት ነው። አርሰኒክ ዋነኛው ነው፤ ሌባውን ስናጣ ጓደኛውን እንደምንከተል ማለት ነው።

ወርቅ በእሳት ይፈተናል

ይህ አባባል ቀጥተኛ የላቦራቶሪ መመሪያም ነው። የተፈጨው ናሙና ከእርሳስ ኦክሳይድና ከሌሎች ማቅለጫዎች ጋር ተቀላቅሎ ከ1,000 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ይቀልጣል። ቀልጦ የሚወርደው እርሳስ ወርቁን እየለቀመ ከታች ይከማቻል፤ ድንጋዩ ብርጭቆ መሰል ሆኖ ከላይ ይቀራል። ከዚያ የእርሳሱ እንክብል ቀዳዳማ በሆነች ትንሽ ጽዋ ላይ እንደገና ይሞቃል። ጽዋዋ የቀለጠውን እርሳስ ትጠጣውና በመጨረሻ በዓይን እምብዛም የማትታይ የወርቅና የብር ነጠብጣብ ትቀራለች። ብሩ በአሲድ ይለያል፤ ወርቁ ይለካል።

ዘዴው በመሠረቱ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው፤ ዛሬም ታማኝ ነው። ግን እሳቱ የሚፈትነው ያመጣንለትን ብቻ ነው። ከረጢቱ ውስጥ የገባው ወርቅ ከጅረቱ ይምጣ ከሌላ ቦታ እሳቱ አያውቅም። ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው።

ቀለበቴ

በዚያው የመስክ ጉዞ ቀለበት ካሰርኩ ገና ሁለት ወሬ ነበር። ናሙና ሲወሰድ የወርቅ ጌጥ አይደረግም፤ የመጀመሪያው ሕግ ነው፣ እኔም አውቀዋለሁ። ረስቼው ነበር ብላችሁ እዋሻለሁ። «ይህቺ ደግሞ ምን ታመጣለች» ብዬ ነው።

ከሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። በአንድ ቀን ከሰበሰብናቸው 14 ናሙናዎች አራቱ ከአካባቢው ወጣ ያለ ቁጥር አሳዩ። ደስ አለን። ካርታ ላይ በቀይ አከበብናቸው፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ከአንድ የማሽላ ማሳ አጠገብ ስለነበሩ «እዚህ ጉድባ ቢቆፈርስ» የሚል ወሬ ተጀመረ።

ያስቆመን አንድ ተራ የሚመስል ከረጢት ነው። በየቀኑ ከናሙናዎቹ መካከል «ባዶ» የምንለውን፣ ወርቅ እንደሌለበት በእርግጠኝነት የሚታወቅ የኳርትዝ አሸዋ፣ በዚያው ወንፊት አሳልፈን በተለመደ ቁጥር እንልካለን። ላቦራቶሪው የትኛው ባዶ እንደሆነ አያውቅም። የዚያ ቀን ባዶም ወርቅ አሳየ።

ባዶ ወርቅ ካሳየ ወርቁን ያመጣነው እኛ ነን። ወንፊቱን አየን፣ ከረጢቶቹን አየን፤ በመጨረሻ ሁላችንም እጄን አየን። አሸዋውን በወንፊቱ ላይ በእጄ ስፈትግ ነው የዋልኩት። 1 ኪሎ ናሙናን ለማሳሳት 0.04 ሚሊ ግራም ወርቅ ይበቃል፤ ከቀለበት ላይ ይህን ያህል ቢፋቅ በዓይን አይታይም። አለቃዬን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ተመልሰን ሄድን፤ ቀለበቷን ቤት ትቼ። አራቱንም ቦታ እንደገና ወሰድን። ሦስቱ ወደ ተራ ቁጥር ወረዱ፤ ከማሳው አጠገብ የነበሩት ሁለቱም ከእነዚህ መካከል ናቸው። አንዱ ግን ባለበት ቀረ። መጀመሪያ ሲመጣ ከአራቱ ትንሹ ስለነበር ብዙም ልብ ያላልነው ነው።

ከባዶው ሌላ ሁለት ጠባቂዎች አሉን። አንዱ «መንታ» ነው፤ ከአንድ ቦታ ሁለት ናሙና ወስደን በተለያየ ቁጥር እንልካለን፣ ውጤታቸው በጣም ከተራራቀ ዕድል እየተጫወተብን ነው። ሌላው «መለኪያ» ነው፤ የወርቅ መጠኑ አስቀድሞ በትክክል የሚታወቅ ዱቄት ሲሆን ላቦራቶሪውን ራሱን ይፈትናል።

ጠባቂ ሲጠፋ

የእኔ ስህተት ያስከፈለው አንድ ጉዞና ብዙ እፍረት ነው። ሆን ተብሎ ሲሆን የሚደርሰውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ቡሳንግን አስታውሱ። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ብሬ-ኤክስ የተባለ የካናዳ ኩባንያ በኢንዶኔዥያ ቦርኒዮ ደሴት፣ ጫካ ውስጥ፣ ከ70 ሚሊዮን አውንስ በላይ፣ ማለትም ከ2 ሺህ ቶን በላይ፣ ወርቅ እንዳለው አወጀ። የኩባንያው የገበያ ዋጋ ከ6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር አለፈ። በ1997 ግን ሌሎች በዚያው ቦታ ራሳቸው ቆፍረው ሲመረምሩ የሚረባ ወርቅ አጡ። የተፈጩት ናሙናዎች ላይ ከውጭ የመጣ ወርቅ ተጨምሮባቸው ነበር። ፍሬዎቹም እንደ ወንዝ ወርቅ ጠርዛቸው የተሸረሸረ ነበር፤ ከጠንካራ ዓለት የወጣ ወርቅ እንዲህ አይሆንም።

አንድ ነገር ቀደም ብሎ ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር። የቁፋሮ ድንጋይ ሲወጣ ልማዱ ለሁለት ሰንጥቆ ግማሹን ለላቦራቶሪ መላክ፣ ግማሹን ማስቀመጥ ነው፤ የሚጠራጠር ሰው ሲመጣ ግማሹን ይመረምራል። ቡሳንግ ላይ ድንጋዩ በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ ይፈጭ ስለነበር ለተጠራጣሪ የተረፈ ግማሽ አልነበረም። ጡረታቸውን ሳይቀር አክሲዮን ላይ ያዋሉ ሰዎች ገንዘባቸው ጠፋ።

ከጅረቱ በኋላ

ጅረቱ ወደ አንድ ዳገት ከመራን የአፈር ናሙና በመደዳ፣ በተወሰነ ርቀት እንወስዳለን። አፈሩ መስመር ይዞ ከተናገረ ጉድባ ቆፍረን ዓለቱን እናያለን። ዓለቱ ተስፋ ከሰጠ ብቻ የቁፋሮ ማሽን ይመጣል፤ በመቶዎች ሜትር ወርዶ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የድንጋይ ዘንግ ያወጣል። እያንዳንዱ እርምጃ ካለፈው ብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ በሰው መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጫናም እንደዚያው። ከጅረት አንድ ከረጢት አሸዋ መውሰድ ማንንም አይጎዳም። ጉድባ ግን ማሳ ይቆርጣል። ቁፋሮ መንገድ ይፈልጋል፤ መንገዱ ተስፋ ይዞ ይመጣል፣ ልጆች ትምህርት ትተው ሥራ ፍለጋ ይወጣሉ። አብዛኛው ፍለጋ ደግሞ ማዕድን ማውጫ ሳይሆን ነው የሚቀረው። ስለዚህ በመጀመሪያው ደረጃ፣ በርካሹ ከረጢት ላይ፣ እውነቱን መያዝ ለኩባንያ ገንዘብ ብቻ ብለን የምናደርገው ጥንቃቄ አይደለም። ያ የማሽላ ማሳ በእኔ ቀለበት ምክንያት ሊቆፈር ነበር።

ለሁለተኛ ጊዜ ስንሄድ እኚያ እናት እዚያው ነበሩ። ባዶ ጣቴን አዩና በአስተርጓሚው በኩል «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። በጣም ሳቁ። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ መለሱልኝ፦ «ታዲያ አለ ወይስ የለም?»

«አለ እማማ። እርስዎ እንደሚያገኙት እኛም አግኝተነዋል። ከላይ ካለችው ትንሿ ገባር ይመስለናል። ስንት እንደሆነ ግን ገና አናውቅም።»

የቱ ገባር እንደሆነ በእጄ አሳየኋቸው። አስተርጓሚው ሳይጨርስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱንማ» አሉ ገበቴያቸውን እያነሱ፣ «ብትጠይቂኝ ያኔውኑ እነግርሽ ነበር።»

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አሁን ወደ አዲስ ጅረት ስንሄድ ወንፊቱ ከመውጣቱ በፊት ቀለበቴን አወልቃለሁ፤ ቀጥሎ የሚያጥቡትን ሰዎች እጠይቃለሁ።